ስለሚሣቅበት ደዌ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው መነጽር ሲደረግለት፣ ጥርሱ ለረገፈ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲገባለት፣ ጭኑ የተሰበረም በብረት ሲጠገን የሣቀ ሰው አይተህ ታውቃለህን? ስንፈተ ወሲብ ያገኘው ሰው በኦፕራሲዮን ይረዳል ሲባል ግን ግማሹ አፉን ይዞ ይሥቃል፤ ግማሹም «የፈጣሪን ሥራ ማሻሻል ነው» ብሎ ያወግዛል። ሙግቴ ከሁለቱም ጋር ነው፤ ይልቁንም ከሚሥቀው ጋር።

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1973 ብራንትሊ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሂዩስተን ከተማ በውኃ የሚሞላ መሣሪያ በሕመምተኛ አካል ውስጥ አስገባ። ዛሬ የሚሠራበት ዓይነት ሁለት የሲሊኮን ቱቦዎች በብልት ውስጥ፣ የጨው ውኃ የያዘ ከረጢት በታችኛው ሆድ፣ ትንሽ ፓምፕም በቆለጥ ከረጢት ውስጥ አሉት። ባለቤቱ ፓምፑን ሲጫነው ውኃው ወደ ቱቦዎቹ ይገባል፤ ሲፈልግም ይመልሰዋል። መሣሪያው ፍትወትን አይጨምርም፤ ልጅም አይሰጥም። አንዴ ከገባ የተፈጥሮው አካል ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ፣ ሐኪሞች ወደዚህ የሚደርሱት ኪኒኑም ሌላውም መድኃኒት እንቢ ሲል ነው። እንግዲህ ይህ የቅንጦት ጌጥ ነውን?

«ኃጢአት ነው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ባልና ሚስትን አንድ ሥጋ ያደረገ አምላክ አንድነታቸው ቢጠገን የሚቆጣበት ምክንያት አይታየኝም። በሐዋርያት ሥራ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበር፤ እንኮራበታለን እንጂ የሣቀበት ሰባኪ አልሰማሁም።

ለሚሥቀው ግን ብዙ የምለው አለኝ፤ እኔም ሥቄአለሁና። በአርቦሬ ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አርባ ዓመት ያለፈው የልጆች አባት ነበር። ሚስቱ ወደ ወላጆቿ በሄደች ጊዜ ምክንያቱ በመንደሩ ተሰማ፤ እኛ መምህራንም ማታ ሻይ እየጠጣን መሣለቂያ አደረግነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ወደ ሐኪም አልሄደም፤ ካርድ የሚጽፈው ልጅ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ቢለው ምን ይመልሳል? አንድ ጠንቋይ «ታስረሃል፣ እፈታሃለሁ» ብሎ ሁለት ጊደር ተቀበለው። ከገበያም ስም የሌለው ዱቄት ገዝቶ ጠጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የእግሩ ቁስል አልድን ሲለው በወይጦና በቀይ አፈር በኩል ጂንካ አደረስነው። ሕመሙ ስኳር ነበር፤ ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ።

ሐኪሙ ሲጠይቀው ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ነገር ተናገረ። ወደ ብልት የሚሄዱት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይልቅ ቀጫጭን ናቸው፤ ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ትምባሆ ደም ሥርን ሲያበላሽ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በዚያ ነው። እኛ የምንሥቅበት ነገር ለካ የአደጋ ደወል ኖሯል! ብዙው ሰው በጊዜ ቢታይ ስኳሩን መቆጣጠርና ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ኪኒን ይበቃው ነበር፤ እሱንም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ፤ ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር የዋጠው ሊሞት ይችላልና። ሰውን እስከ መጨረሻው መድኃኒት፣ እስከ ኦፕራሲዮኑ፣ የሚያዘገየው አንዱ የእኛ ሣቅ ነው።

ከጂንካ ስንመለስ ዘበኛው በመኪናው ውስጥ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፣ «መምህር፣ ያን ጊዜ ብነግርዎት ኖሮ ያመጡኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።