በሰው አካውንት የሚሸጥ አስተያየት፦ የኦንላይን ሙከራ ሥራ ያዋጣናል?

ባለፈው ወር አንድ ማታ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ፎርም ፎር ጨርሶ ቁጭ ያለ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለና ስልኩን ሰጠኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው፣ አፕሊኬሽንና ድረ ገጽ እየሞከሩ አስተያየት በመስጠት ዶላር የሚገኝበት ገጽ ነው። አካውንቱ ግን የእሱ አይደለም። የተጻፈው ስም አይቷት የማያውቅ የአንዲት ሴት ስም ነው። ከቴሌግራም ላይ በ3,000 ሺሊንግ ገዝቶታል። ገንዘቡን ከየት አመጣኸው ብለው፣ ቤተሰቡ በዱቤ ከሚወስድበት ዱካ ባለቤት ተበድሮ ነው።

የመጣው ምክር ሊጠይቀኝ እንዳይመስላችሁ። ሙከራው እንግሊዝኛ እየተናገሩ የሚሠራ ስለሆነ ንግግሩን እንዳስተካክልለት ነው። ምን ልበላችሁ፣ ወዲያው «ይሄ አያዋጣህም» ለማለት አፌ አልደፈረም። ከእሱ በፊት እኔም ሞክሬዋለሁና። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ካኩማ ላላችሁ አንባቢዎች ይሄ ነገር ለምን አሁን እንደበዛ መንገር አያስፈልግም። ሌላ ካምፕ ላላችሁ ግን ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ራሽናችንን ወደ 28 በመቶ አወረደው። ከኦገስት ጀምሮ ደግሞ ቤተሰቦች በምድብ ተከፋፍለው፣ አንዱ የተሻለ ያገኛል፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ምንም። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ስልኩ ላይ ነው የሚፈልገው። አንዱ ውርርድ፣ አንዱ ክሪፕቶ፣ አንዱ ይሄን። ከሦስቱ ይሄኛው የሚለየው እውነተኛ ሥራ መሆኑ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማጭበርበር ቢሆን ኖሮ መጻፍም አያስፈልገኝም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ኩባንያ አፕ ሲሠራ ሰው የት ላይ እንደሚደናገር ማወቅ ይፈልጋል። የሠራው ሰው ስለለመደው አይታየውም። ስለዚህ መሃል ላይ የቆመ ድርጅት ሞካሪዎችን መዝግቦ ለኩባንያዎች ያቀርባል። ከታወቁት አንዱ ዩዘርቴስቲንግ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ2022 ለመሸጥ ሲስማማ ዋጋው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የሰው ግራ መጋባት ይሄን ያህል ያወጣል ማለት ነው። ሞካሪው መጀመሪያ የማጣሪያ ጥያቄ ይመልሳል። ካለፈ «ጫማ ፈልግና ለመግዛት ሞክር» ዓይነት ሥራ ይሰጠውና ስክሪኑና ድምፁ እየተቀዳ ይሠራል፤ በልቡ የሚያስበውንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ለ20 ደቂቃ ያህል ሙከራ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ክፍያ 10 ዶላር ነው። ገንዘቡ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በፔይፓል ይገባል።

10 ዶላር ከ1,200 ሺሊንግ በላይ ነው። የኔ የወር ኢንሴንቲቭ፣ ያ ደመወዝ ያልሆነ ደመወዛችን ማለቴ ነው፣ 100 ዶላር አይሞላም። የሒሳብ አስተማሪ ባልሆንም ልጁ ምን አስልቶ እንደተበደረ ይገባኛል። በዚያ ላይ ሥራው ሙቭመንት ፓስ አይጠይቅም። ዲግሪ አይጠይቅም። ከሰል አያሸክምም።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ያደግነው በይሉኝታ ነው። ሰው ቤት ገብተን ቡናው ቢቃጠልም «ይጥማል» እንላለን። የመጀመሪያ ሙከራዬን ስሠራ እንደዚያው አደረግኩ፤ ገጹን ባየሁ ቁጥር «በጣም ጥሩ ነው፣ በጣም ያምራል» እያልኩ ጨረስኩ። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጡኝ። ለካ የሚከፍሉት ለምስጋና አልነበረም። «እዚህ ጋ ዋጋውን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም፣ ተናደድኩ» እንድላቸው ነበር የፈለጉት።

የካምፕ ኑሮ ደሞ ሌላ ትምህርት ጨምሮልናል። ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ዝርዝር ይዞ የመጣ ይመስለናል። ስንት ልጅ አላችሁ፣ በቀን ስንቴ ትበላላችሁ ሲባል፣ ከእውነቱ በፊት «የትኛው መልስ ያስገባናል?» ብለን እናስባለን። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። እዚህ ሥራ ላይ ግን ሁለቱም አይሠሩም፤ ማሞገሱም፣ ችግርን ማስረዳቱም። የሚፈለገው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ዓይንህ ምን አይቶ እጅህ ለምን እንደቆመ መናገር ብቻ ነው። ይሄን መማሬ ክፍል ውስጥ ጠቅሞኛል። አሁን ተማሪዎቼን «ገባችሁ?» አልላቸውም፤ «አዎ» ነው የሚሉት። መጽሐፉን ሰጥቼ «ጮክ ብለህ አንብብ፣ የጠፋህበት መስመር ላይ ቁም» እላለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቦታ ላይ ያጠፋኋቸው እኔው እንደነበርኩ አወቅኩ።

እንግዲህ ወደ በሩ እንምጣ። ማጣሪያው አይከፈልበትም። መኪና አለህ ወይ፣ ለሥራህ ምን ዓይነት ሶፍትዌር ትጠቀማለህ፣ ባለፈው ወር ኦንላይን ምን ገዛህ እያለ ይጠይቃል። እኔ ከአሥር አንዱን ባልፍ ነው። ዋይፋይ የሌለው ሰው ለወደቀበት ማጣሪያም ባንድል ከፍሏል። ብዙዎቹ ገጾች ደግሞ የሚቀበሏቸው አገሮች ዝርዝር አላቸው፤ ከተቀበሉም በኋላ አንድ ቀን መታወቂያህንና ፊትህን አሳይ ይላሉ። ፔይፓልን ከኤም-ፔሳ ማገናኘት ኬንያ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ይቻላል፤ ግን ስሙ መመሳሰል አለበት። አሁን እስቲ እጃችሁ ላይ ያለው ሲም በማን ስም እንደወጣ አስቡት። የብዙዎቻችን በጎረቤት፣ በቱርካና ወዳጅ፣ በድሮ አሠሪ ስም ነው። ስማችን አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። የአያት ስም የአባት ስም ሆኖ የተመዘገበበትም ሞልቷል። ሥራውን የሚችል ልጅ እዚያች ላይ ይቀራል።

ከዚያ ነው የሰው አካውንት የሚመጣው። እኔ የሠራሁት ናይሮቢ ባለ ጓደኛዬ አካውንት ነበር፤ አልገዛሁትም፣ እሱ ወዶ ነው የሰጠኝ፣ ልንካፈል ተስማምተን። 11 ሙከራ ሠራሁ። የሰባቱ 70 ዶላር ወጥቶልን 35፣ 35 ተካፈልን። በዚያ ገንዘብ የገዛሁት የሶላር መብራት አሁንም ይሠራል፣ ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው በሱ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊትህን አሳይ የሚል መልእክት መጣ። ድምፁ የኔ፣ ፊቱ የሱ። አካውንቱ ተዘጋ፣ የአራቱ ሙከራ 40 ዶላር እዚያው ቀረ። ጻፍንላቸው፤ ደንብ ጥሳችኋል የሚል አጭር መልስ መጣ። ጥሰናል። ክርክር የለውም። የከበደኝ ግን ጓደኛዬ እኔ ከመምጣቴ በፊት ለራሱ ይሠራበት የነበረ አካውንት መሆኑ ነው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የተገዛ አካውንት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኢሜይሉና ፔይፓሉ በሻጩ እጅ ነው፤ ሠርተህ ስታጠራቅም ፓስዎርዱን ለውጦ ይወስደዋል። ለማን ትከሳለህ? ለፖሊስ «በሰው ስም ስሠራ ተዘረፍኩ» አይባልም። እግረ መንገዴን፣ እውነተኛ ገጽ ለመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠይቅም። «ሬጅስትሬሽን 500 ሺሊንግ ላክ» ያላችሁ ሰው ካለ ወሬውን እዚያው ላይ ጨርሱ።

የሚቀዳው ነገርም አለ። አንዴ በሙከራ መሃል የኬዝ ቁጥሬ ያለበት መልእክት ስክሪኔ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። ማን እንዳየው አላውቅም። ስልካችን ውስጥ ያለው የኛ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ያሉ ሰዎች ስምና ቁጥር አለበት፣ የሸሸነውም ከሆነ ሰው ነው። የምትሞክሩ ከሆነ መጀመሪያ ማሳወቂያዎችን አጥፉ፣ ካሜራ ሲከፈት ከጀርባችሁ ያለውን እዩ። ለጥቂት ገንዘብ ራስን መስጠት ኬንያ ውስጥ ምን እንደሚመስል በ2023 አይተናል፤ ወርልድኮይን የዓይን ምስል እየወሰደ 7,000 ሺሊንግ ገደማ የሚያወጣ ዲጂታል ገንዘብ ሲሰጥ ናይሮቢ ላይ ሰልፉ ይታወሳል። መንግሥት በኦገስት 2023 አገደው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሜይ 2025 መረጃው እንዲጠፋ አዘዘ። ሥራው ራሱ ሌላ ነው፣ ላመሳስለው አልፈልግም፤ የሙከራ ሥራ ለድካምህ ይከፍልሃል። ግን ከአገሩ ጥሎ መሄድንም አስቡ። ሪሞታስክስ የሚባለው ሌላ የኦንላይን ሥራ ገጽ በማርች 2024 ኬንያን ጥሎ ሲወጣ፣ እዚያ ላይ የሚተዳደሩት ወጣቶች ባንዴ ሥራ አጥ ሆነዋል።

እስካሁን ያወራሁት በሞካሪው በኩል ነው። ከወዲያ በኩልም ጉድለት አለ፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ያኮብ ኒልሰን የሚባል በዚህ ሙያ የታወቀ ሰው በ2000 እንደጻፈው፣ የአንድን ገጽ አብዛኛውን ችግር ለማግኘት አምስት ሞካሪ ይበቃል። ጥሩ። አምስቱ እነማን ናቸው ነው ጥያቄው። በሩን ያለፉት ፈጣን ኢንተርኔት፣ በስማቸው ባንክና ስልክ ያላቸው ከሆኑ፣ ገጹ ለነሱ ይስተካከላል። እኛ የምንደናገርበት ቦታ ማንም ሳይደናገርበት ያልፋል።

ይሄን የማወራው አይቼው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለስደተኞች የሠራውን አፕ ሊያስሞክር ወደኛ ብሎክ መጣ። አምስት ሰው ጠሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ለያንዳንዳችን 500 ሺሊንግና ሻይ። አፑ በአማርኛ ተተርጉሟል። አንዲት እናት ፎርሙን ሞልተው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ምነው እትዬ?» ሲባሉ፣ «ተገዛ ይለኛል፤ ለማን ነው የምገዛው?» አሉ። ላክ ለማለት ነው ለካ። አስቀምጥ ማለት የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ «አድን» ይላል። እሱን ሲያዩ «አሜን» ብለው ነኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አስሞካሪዋም ሳቀች፣ ትርጉሙ ግን ስንት ወር ሳይታይ ቆይቶ ነበር።

ትልቁ ነገር የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ለመግባት በስልክ የሚላክ ኮድ ያስፈልጋል። ከአምስታችን የሁለቱ ኮድ የመጣው ሌላ ሰው ጋ ነው፤ አንዱ ከሎድዋር ደውለው እስኪያስነግሩት ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፣ ሌላዋ ስልኩ የልጇ አባት እጅ ስለሆነ ልትጠይቀው አልፈለገችም። ለምን እንዳልፈለገች አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ናይሮቢ ወይም አውሮፓ የተቀመጠ ሞካሪ ይሄን ያገኝ ነበር? ቃላቱ በሚቀጥለው ጊዜ ተስተካክለው አይቻለሁ። ኮዱ ግን አሁንም እዚያው ሎድዋር ነው የሚሄደው።

የኬንያ የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቷል፣ የሺሪካ ዕቅድ በማርች 2025 ይፋ ሆኗል፤ ራሳችሁን ቻሉ የሚለው ንግግር በየስብሰባው አለ። እኔ ራስን መቻል የምለካው በሁለት ነገር ነው፦ በገዛ ስም የወጣ ሲምና በገዛ ስም ገንዘብ የሚቀበል አካውንት። እነሱ ካሉ ልጆቻችን የሙከራውንም ሥራ፣ ሌላውንም ሳይሰርቁ ይሠሩታል። ለስደተኛ አፕ የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ ገና ሳይጨርሱት ካምፕ መጥተው፣ ከፍለው ያስሞክሩ። 500 ሺሊንጉ ጥሩ ነው፣ አልናቅኩትም፤ ግን ያ ስህተት ናይሮቢ ያለ አማካሪ ቢያገኘው ስንት ይከፈለው እንደነበር መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል። አስተያየታችን ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ቢሊዮኖቹ ነግረውናል።

ለዚያ ልጅ የኔን ታሪክ በሙሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ እኮ 35 ዶላር አግኝተሃል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሙከራ ሠራ፤ በሳምንቱ ፓስዎርዱ ተለወጠ፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ሻጭም ጠፋ። ወደ ዱካው አብረን ሄድን፣ እኔ ዋስ ሆንኩለት። አሁን ከሰዓት በኋላ እዚያው ዱካ ጆንያ ያወርዳል፣ ከዕለት ክፍያው ዕዳው ይቀነስለታል። በራሱ ስምና በኤሊየን ካርዱ ስደተኛ መሆኑን ሳይደብቅ ሌላ ገጽ ላይ አመልክቷል፤ መልስ አልመጣም። ከዕዳው 1,800 ይቀራል።