ትንሽዋ ምስክር

አንባቢ ሆይ! የአህጉር ድንጋይ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ምድር ጥልቅ ሊሰምጥ አይችልም ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምኑ ነበር። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ክርስቲያን ሾፓን የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ሊቅ፥ በኢጣልያ አልፕስ ተራሮች፥ ዶራ ማይራ በተባለው ስፍራ፥ በጋርኔት ውስጥ የተቀበረ ኮሳይት አገኘ። ኮሳይት ማለት ኳርትዝ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በታላቅ ግፊት ሲጨመቅ የሚሆነው ማዕድን ነው። ድንጋዩ ወደ ላይ ሲመለስ ግፊቱ ቀነሰ፤ የኮሳይቱም ከፊል ተመልሶ ኳርትዝ ሆነና አብጦ ጋርኔቱን ሰነጠቀው። የቀረው ግን እንደ ታሸገ ደብዳቤ ተጠብቆ ቆየ። እንግዲህ የአህጉር ድንጋይ ወርዶ መውጣቱን የመሰከረች፥ የሊቃውንትንም አሳብ ያስለወጠች ይህች ቅንጣት ናት። ትንሽ ነገር አይናቅም!