አምፖልህ እስኪበርድ

ይድረስ ለስላይድ ማሳያችን፣ ለኮዳክ ካሩሰል፤

ኮዳክ አንተንና ወንድሞችህን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያኔ ያበቃልህ መስሎኝ ነበር። ይኸው ዛሬም ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠህ ታገለግለናለህ። ምስጋናዬ የዘገየው በዚህ ነው።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅህ። አባቴ ትምህርቱን ጨርሶ ከአሜሪካ ሲመለስ ይዞህ መጣ፤ የ120 ቮልት ሰው ነህ። እኔ ደግሞ ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ልጆችን አስደንቃለሁ ብዬ ያለ ትራንስፎርመር በቤታችን 220 ላይ ሰካሁህ። አምፖልህ ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ደግነቱ ሞተርህ ተረፈ። አባቴ አልተቆጣም። አዲሱን አምፖል ሲያስገባ ግን አጠገቡ አስቀመጠኝ። በንጹሕ መሐረብ ይዞ ነው የከተተው። የጣት ወዝ ያረፈበት የሃሎጅን አምፖል ሲግል እዚያው ላይ ይጎዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ያን ቀን እጅ መሰብሰብ ተማርኩ።

ሌላም አስተምረኸኛል። ሌንስህ ሥዕሉን ስለሚገለብጠው፣ ሰው ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስላይዱ ተዘቅዝቆ መግባት አለበት። ክቡ ትሪህ 80 ይይዛል፤ እያንዳንዱ በተራው በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል። የካርቶን ክፈፉ የጎበጠ ከሆነ ይቀረቀራል። ያኔ ጉልበት አያዋጣም። ከሶኬት ነቅሎ፣ ትሪው መሃል ላይ ያለችውን ብሎን በሳንቲም አዙሮ ትሪውን ማንሳት ነው። ለዚህ ብዬ አንዲት ሃምሳ ሳንቲም ሥርህ አኑሬያለሁ።

በቅርቡ መጠባበቂያ ይሁነኝ ብዬ ያገለገሉ ሁለት ወንድሞችህን አየሁ። ሻጩ «ይበራል!» እያለ አምፖሉን ያሳየኛል። መብራቱማ ቀላሉ ነው። የራሴን ስላይዶች ይዤ ስለሄድኩ ሁለቱንም ወደፊትም ወደኋላም አስኬድኳቸው። አንደኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌንሱን አውጥቼ ወደ መስኮት ሳነሳው ግን እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አየሁበት። ሁለተኛው ወደኋላ ሲመለስ ያቃስታል፤ ግራሶው ደርቋል። ሌንሱ ግን ጥርት ያለ ነው። የሚያቃስተውን ገዛሁ። የደረቀ ግራሶ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል፤ ሻጋታ የበላው መስታወት ግን አይመለስም። ይኸንንም ያወቅሁት አንተን ሳጸዳ ኖሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስተዛዝቦናል። የአባቴ የኮዳክሮም ፊልም ስላይዶች በጨለማ ሣጥን ውስጥ ቀለማቸውን እንደጠበቁ ዓመታትን ይሻገራሉ፤ አንተ ፊት ሲቆሙ ግን ቶሎ ይደበዝዛሉ። የምታሳየንን እያየን ታደበዝዝብናለህ። ስለዚህ የአንዱን ሥዕል ወሬ ሳናስረዝም ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ረጅሙ ወሬ ለመጨረሻው ይቆያል። አባቴ አምፖልህን አጥፍቶ ማራገቢያህን ለጥቂት ደቂቃ ይተወዋል፤ የጋለ አምፖል ሳይበርድ አይነቀነቅም። «እንግዳ እስከ ደጅ ይሸኛል» ይላል። ማንም ተነሥቶ የቤቱን መብራት አያበራም። አንተ በጨለማው ውስጥ ስትነፍስ እናቴ ትጀምራለች። ታላቅ እህቷ ፎቶ ሳትነሣ ነው ያለፈችው። ጥርሷ ፍንጭት እንደነበረ፣ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን እንደምትሸፍን፣ ቡና ስትወቅጥ እንደምታንጎራጉር የሰማሁት በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ከ80ዎቹ ስላይዶች አንዱም እሷን አያሳይም። እኔ ግን አክስቴን አውቃታለሁ።

አክባሪህ፣
220 ላይ የሰካህ ልጅ