ከቤጂንግ ማዕድ እስከ ቢሾፍቱ ቄራ

ጉኦሊዡዋንግ የተባለው የቤጂንግ ምግብ ቤት በዓለም ዙሪያ ስሙ የተሰማው ለእንግዶቹ የወንድ እንስሳት ብልት በማቅረቡ ነው፤ የበሬ፣ የአህያ፣ የውሻም ጭምር። ተመጋቢው ጣዕም ብቻ ፈልጎ አይሄድም። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የእንስሳ አካል ተመሳሳዩን የሰው አካል ያጠነክራል የሚል የቆየ እምነት አለ።

ለብዙዎቻችን ይህ አስጸያፊ ሆኖ፣ ደግሞም ስቀንበት የምናልፈው የሩቅ አገር ወሬ ነው። ከእንስሳ አካል ብርታት የመፈለጉ ልማድ ግን እኛም ደጃፍ ደርሷል። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ “ኤጂያኦ” የተባለ፣ ደም ይሞላል የሚባል መድኃኒት ይሠራበታል። የቻይና አህዮች ሲመናመኑ ገበያው ወደ አፍሪካ ዞረ። ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የሕዝብ ቁጣ ቀስቅሶ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ እንዲታገድ ወስነዋል።

የለማዳ አህያ ሥጋ ሐራም መሆኑ ከኸይበር ዘመቻ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም “እኛ አንበላውም” ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ለንግድ ቻይና የሚሄድ ወንድማችን የሁዊ ሙስሊሞች ምግብ ቤት በር ላይ “ቺንግዠን” የሚለውን የሐላል ምልክት አይቶ ይገባል፤ ችግሩ በዚሁ ያልቃል። ውሃና እህል በአህያ የምታመላልሰው የገጠር እናት ግን አህያዋ ለቆዳዋ ስትሄድባት ሸክሙ ወደ ገዛ ጀርባዋ ይመለሳል።