ቤት ስለ መግዛትና ስለ ምስክርነት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር በድካሙ ከሚያገኘው ሀብት ቤትን የሚያህል ጥቂት ነው። እህል በዓመቱ ያልቃል፤ ልብስም ያረጃል፤ ቤት ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ቤት መግዛት የአንድ ቀን ገበያ ሳይሆን የትውልድ ጉዳይ ነው። ዳሩ ግን የሚሸጠውና የማይሸጠው ነገር ሳይለይ ውል እየተደረገ፣ ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ፊርማ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ይህን ነገር ለመመርመር የአሰላ ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሯ ብርዳም፣ ክረምቷም ጽኑ ነው፤ በዙሪያዋ ያለውም አገር የስንዴና የገብስ አገር ነው። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ ነዋሪዋ ከ67,000 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የብቅል ፋብሪካዋ፣ ሆስፒታሏና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛውንና ተማሪውን ወደ እርስዋ ይስባሉ። ሰው ወደሚመጣበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ የቤት ፈላጊው ቍጥር ይበዛል፤ የመሬቱም ዋጋ ይወደዳል።

መሬት ሲከብር ማስረጃ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚነቀል የአርሲ ደጋ አስቀድሞ አይቶታል። በ1960 ዓ. ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አምጥቶ ምርቱን አበዛው። ድርጅቱ የተቋቋመው ድኻውን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ሆኖም እርሻው ትርፍ ማስገኘቱ በታየ ጊዜ፣ ከባለ ርስቶቹ አንዳንዶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ጭሰኛው ማሳውን ለብዙ ዘመን አርሶት ነበር፤ ዳሩ ግን በእጁ የሚያሳየው አንዳች ጽሑፍ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። በየካቲት ወር 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም አይለወጥም ሲል ደነገገ። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጕልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራው ቤት የራሱ እንደ ሆነና ሊሸጠውም እንደሚችል ጽፏል። እንግዲህ በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ ቤት ገዛሁ የሚል ሰው፣ የገዛው ግንቡንና ጣራውን፣ ከእርሱም ጋራ በቦታው የመጠቀም መብትን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ2004 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 721 ደግሞ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለ ቤት በሊዝ ሥርዓት እንዲይዘው አዘዘ። ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ያላሰበው ወጪ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የሚከፋው በከተማው ዳር የሚደረገው ሽያጭ ነው። ገበሬው ከተማው ወደ ማሳው ሲቃረብ ባየ ጊዜ፣ በካሳ ከመልቀቄ በፊት ልሽጠው ብሎ ያስባል። አሳቡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1997 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 ለሚለቀው ገበሬ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ እንዲከፈለው አዝዞ ነበር፤ ይህም ለዘለቄታው የማይበቃ ሆኖ ስለ ተገኘ አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ገዢው ደግሞ ለጨረታው አቅም ስለሚያንሰው፣ ወይም ተራ መጠበቅ ስለሚሰለቸው፣ በስውር ውል ይዋዋልና ሌሊት ቤት ይሠራል። ሕዝቡም የጨረቃ ቤት ብሎ ሰየመው። ቤቱ በፈረሰ ቀን ገበሬው መሬቱን፣ ገዢውም ገንዘቡን አጥተው ይገናኛሉ።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አለ። ካርታው በሻጩ ስም ነውን? ቤቱስ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ የተያዘ አይደለምን? ሻጩ ባለ ትዳር ቢሆን ሚስቱ፣ ሻጯም ባለ ባል ብትሆን ባልዋ ፈቅዶ ይፈርማልን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ሁለት ምስክሮችም እንዲፈርሙበት አዝዟል፤ ውሉ በሚመለከተው ባለ ሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠና ስሙ ካልተዛወረ ግን ነገሩ ገና አልተፈጸመም። የቤቱንም ጠባይ ማየት ይገባል። አሰላ በተራራ ግርጌ ያለች ስለ ሆነች፣ ቤቱን በጥር ወር ያየ ሰው በሐምሌ ደግሞ ተመልሶ ጐርፉ ወዴት እንደሚወርድ፣ የጭቃውም ግድግዳ እንዴት እንደሚሆን ይመልከት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና ስለ ሰፈሩና ስለ ዕድሩ መጠየቅም መልካም ነው።

በጽሑፍና በምስክር መግዛት አዲስ ሥርዓት አይደለም። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ኤፍሮን በነጻ ውሰድ ሲለው እንቢ ብሎ፣ 400 ሰቅል ብር በሕዝብ ፊት መዝኖ ሰጠ። ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ እንኳ የአናቶትን እርሻ ሲገዛ፣ ውሉን ጽፎ፣ አትሞ፣ ምስክሮች አስፈርሞ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ከጦርነት መካከል ያልተተወ ሥርዓት በሰላም ቀን ሊተው አይገባም።

ይህም ነገር ከገዢና ከሻጭ አልፎ ሁለት ወገኖችን ይመለከታል። የመጀመሪያው የመዝገቡ ሹም ነው። ሕጋዊው መንገድ በረዘመና በተወሳሰበ መጠን ሕዝቡ ወደ ስውሩ መንገድ ይገፋል፤ የይዞታ ማረጋገጫ በጊዜው የሚሰጥ ሹም ብዙ የጨረቃ ቤት ሳይሠራ ያስቀራል፤ የሚያዘገይ ግን ራሱ የሚያፈርሰውን ቤት ራሱ ያሠራል። ሁለተኛው ወገን ስለ መታመኑ ለምስክርነት የሚጠራው ካህንና ሽማግሌ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያምነው ወረቀቱን ሳይሆን በወረቀቱ ግርጌ የፈረመውን ሰው ነው። እንግዲህ ካህኑ ካርታ በሌለው መሬት ውል ላይ እንዲፈርም ሲለመን፣ አልፈርምም ቢል ሻጩን የበደለ አይምሰለው፤ ሁለቱንም ወገን ከጥፋት ያድናቸዋል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ የማይሸጠውን ነገር እንደ ተሸጠ አድርጎ መፈረምንም ይከለክላልና።

አሰላ ገና ታድጋለች፤ ቤትም ይሠራባታል። በዚያም የሚሠራው ቤት ጸንቶ የሚቆመው፣ ከድንጋዩ መሠረት አስቀድሞ የታመነ ጽሑፍና የታመነ ምስክር ሲኖረው ነው።