አሠልጣኙ ይባረር ከማለታችን በፊት

ቡድናችን በተሸነፈ ማግስት ጉለሌ እንዴት እንደሚውል የሠፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ሻይ ቤቶች እስከ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ድረስ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «አሠልጣኙ ይባረር!» ይህን ከሚሉት መካከል እኛም አለንበት። ዛሬ ብዕር ያነሣነው ግን አሠልጣኝ ልናባርር ሳይሆን ራሳችንን ልንወቅስ ነው።

እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች ነን። ይህን አስቀድመን የምንናገረው አንባቢ ሚዛናችን ወዴት እንደሚያደላ ዐውቆ እንዲያነብልን ነው።

በመጀመሪያ የጅማ አባ ጅፋርን ነገር እናስታውስ። ይህ ቡድን ወደ ፕሪምየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ገብረ መድኅን ኃይሌ መሪነት ዋንጫውን ወሰደ። የዓመቱ ኮከብ ጎል አግቢም የዚያው ቡድን ናይጄሪያዊ ተጫዋች ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ጅማ ጨፈረች፤ እኛም እዚህ ተቀምጠን ቀናን። በሚቀጥለው ዓመት ግን አሠልጣኙ መቀሌ 70 እንደርታን ይዘው ሻምፒዮን ሆኑ፤ አፎላቢም ጅማን ለቅቆ ሄደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ዋንጫ ከማንሣት እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ! ገብረ መድኅን ግን በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድንን ለሻምፒዮንነት አበቁ። እንግዲህ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ለክለቡ የሚቀርለት በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው።

«የለም፣ ማባረርም ይጠቅማል» የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን። የራሳችንን ቤት ምስክር አድርጎ ይጠራብናል። በ2014 ዓ.ም. ሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ተሰናብተው ረዳታቸው ዘሪሁን ሸንገታ ቡድኑን ተረከቡ፤ ዋንጫውንም አመጡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደገሙት። እውነት ነው፣ አንክድም። ነገር ግን የጠቀመን ማባረሩ ነውን? አይመስለንም። የጠቀመን ተጫዋቾቹን የሚያውቅ፣ ሥራውን ከውስጥ የተማረ ሰው በቤት ውስጥ መገኘቱ ነው። ረዳት ሳያዘጋጅ አሠልጣኝ የሚያባርር ክለብ ጣራውን አፍርሶ ዝናብ የሚለምን ገበሬ ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ዝውውር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ደጋፊው «ማንን አስፈረምን?» ይላል፤ «ማንን አሳደግን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአገራችን የተጫዋቾች ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ተጫዋቹ የጓደኞቹን ሩጫ በዐይኑ ሳያጠና ሻንጣውን ያስራል። በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ጣራው ስንት እንደሚከፈል ተናገረ፤ ስንት ዘመን አብሮ እንደሚቆይ ግን አልተናገረም። የኛን ኳስ የጎዳው ደግሞ ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ጥርሳችንን ነክሰን ስለ ባላንጣችን አንድ በጎ ቃል እንጽፋለን። ኢትዮጵያ ቡና በካሳዬ አራጌ አሠልጣኝነት ኳስ ከእግር ወደ እግር ሲያንሸራሽር፣ «ዋንጫ የሌለው ጭፈራ» እያልን ስቀናል። ሆኖም አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያው ቡድን ውስጥ ነው። ቡና ልጁን በወጣትነቱ ተቀብሎ ዓመታት አቆየው፤ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሸኘው። በእኛ ላይ ሲያገባ ብንረግመውም፣ ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ ያጨበጨብነው እኛው አይደለንምን?

ባላንጣ ማለት ጠላት ማለት እንዳልሆነ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ፣ ግብፅን 4 ለ 2 ካሸነፍንባቸው ጎሎች አንዱ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካው የሉቻኖ ቫሳሎ፣ የመጨረሻውም የጊዮርጊሱ የመንግሥቱ ወርቁ ነበር። በክለብ የተፎካከሩ እግሮች በአገር ማሊያ ተገናኙ። ጥሩ ባላንጣ ባይኖረን ኖሮ ጥሩ ቡድን ከየት ይመጣ ነበር?

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ጉለሌ ልጆች ስንል ጭምር ነው። የኛ ሠፈር ሕፃን ኳስ የሚለማመደው በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ካመለጠችው እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ይሮጥላታል። ክለቦች በየክረምቱ የበሰለ ተጫዋች ብቻ የሚገዙ ከሆነ፣ አሠልጣኙም የነገን ልጅ ለማሰለፍ የሚያስችል ዕድሜ ካልተሰጠው፣ ይህን ልጅ ማን ያየዋል? ሁለት ጨዋታ ከተሸነፈ የሚባረር አሠልጣኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አያሰልፍም፤ ብናሰልፈው እኛም አናሰልፍም ነበር።

ስለዚህ ለክለብ መሪዎች የምንለው ይህ ነው፦ የአሠልጣኙን ውል አክብሩ፤ ረዳቱን አዘጋጁ፤ ከምታስፈርሙት ጋር የምታሳድጉትንም ቁጠሩ። ለራሳችን ለደጋፊዎችም የምንለው አለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በሚቀጥለው ሽንፈት «ይባረር» የሚለው ቃል ከአፋችን ሳይወጣ፣ ሻያችንን ጠጥተን እስክንጨርስ እንኳ እንታገሥ።