ወተት የማይስማማው ልጅ



ባለፈው ረመዳን ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ለኢፍጣር ተጋብዘን ነበር። የግመል ወተት ሲዞር የቤቱ ልጅ ብርጭቆውን ገፋ ቢያደርገው አባቱ ተቆጡት። «የአላህን ጸጋ ትንቃለህ?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ለተራዊሕ ስንወጣ ግን ጠጋ ብሎ፣ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ እየተነፋና እየጮኸ ሶላቱን ለማቋረጥ እንደሚገደድ አጫወተን። ለአባቱ ለመናገር አፍሯል።

ወተት በሱረቱ አን-ነሕል የተወሳ ታላቅ ጸጋ ነው። ልጁም አልናቀውም። ችግሩ የኢንዛይም ነው።

ኢንዛይም በሕያዋን አካል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ፕሮቲን ነው። የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ከግሉኮስና ከጋላክቶስ የተጣመረ ስለሆነ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ቅርጹ ለዚሁ ስኳር የተመቸ ነውና ይይዘዋል፤ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለቆትም ሌላውን ይቀበላል። ላክቴዝ ካነሰ ስኳሩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዙም ቁርጠቱም ከዚያ ይመጣል።

ሱብሓነላህ! የሚደንቀው ቁጥጥሩ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ላክቴዝ አለው። ጡት ከተወ በኋላ ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ የላክቴዝ ዘረመል ሥራውን እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዳንዱ ሰው ደግሞ የዘረመሉ መቆጣጠሪያ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ስላለ ሥራው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። በአውሮፓውያን ዘንድ ያለው ለውጥ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ያሉት በ2007 ተገለጹ። በ2013 የወጣ ጥናትም በአገራችን በርካታ ዓይነት ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳየ። ስለዚህ በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ወንድማማቾች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

«ደጋግሞ ቢጠጣ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። መጠጣት የደከመውን ዘረመል አይቀሰቅሰውም፤ የሚላመዱ ቢኖሩ የአንጀት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ማፍላትም ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ (ጥሬ ወተት ይፈላ!) ስኳሩን አያጠፋም። የግመል ወተትም ላክቶስ አለው። እናቶቻችን መላውን ድሮ ያውቁታል፤ እርጎ። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ኢንዛይም ከስኳሩ ከፊሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ለሆድ ይቀላል። አይብም እንዲሁ፤ ብዙው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ወተት ጠጥቶ ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

በተከታዩ ጁምዓ ይህን ሁሉ ለአባትየው አጫወትናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔም እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ እርጎ እንጂ ወተት አልጠጣም» ብለው ሳቁ።